የመጀመሪያ የስኪ ሳምንታችሁን በሻሞኒ እንዴት እንደምታሳልፉ

ብዙዎቻችን ስኪን፣ ማለትም በበረዶ ላይ መንሸራተትን፣ የሌላ ሰው ጨዋታ አድርገን እናየዋለን። ሮቤል ተክለማርያም ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ከአልፕስ ተራሮች ማዶ፣ በፈረንሳይ በኩል፣ በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደባት ሻሞኒ አለች። በሞንብላን ተራራ ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ ለጀማሪም ቦታ አላት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሳይጣደፍ ለትምህርት ለሚሰጥ ሰው።

በቅድሚያ ጊዜውን ምረጡ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጥር 25 አካባቢ ያለውን እመርጣለሁ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ግርግር አልፏል፣ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ዕረፍትም ገና አልደረሰም። ዕረፍቱ ሲገባ የቤት ኪራዩ ይወደዳል፣ ወደ ቁልቁለቶቹ አናት የሚያወጣው ሊፍት ወረፋም ይረዝማል። ለሚጾም ሰው ደግሞ ሁዳዴ ገና አልገባም፤ የተራራው ምግብ አብዛኛው አይብ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለረቡዕና ለዓርብ ማእድ ቤት ያለው ቤት ተከራዩና ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ አውሮፕላናችሁ የሚያርፈው በስዊዘርላንዷ ጄኔቭ ቢሆንም የምታድሩት ፈረንሳይ ነውና የሸንገን ቪዛውን የምትጠይቁት ከፈረንሳይ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። እስከዚያ ግን አትጠብቁ፣ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስም ትጠየቃላችሁ። ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ስኪን የማይጨምር ብዙ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ተጎድታችሁ የነፍስ አድን ሠራተኞች ቢያወርዷችሁ ክፍያው የእናንተ ነው። ይህን የሚሸፍን የዕለት ኢንሹራንስ ከሊፍት ትኬቱ ጋር ይሸጣል፣ ሳታመነቱ ግዙ።

ከጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ ሻሞኒ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።

ልብስ ላይ ጥጥ ጠላታችሁ ነው። ላብ ይመጥና እላያችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ጋቢያችሁን ለማታ አስቀምጡት። ከሥር ቀጭን ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ልበሱ። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ቀጭንና ረጅም። ሁለት መደረብ እግርን የሚያሞቅ ይመስላል፤ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያጣብቅ ግን ይበልጥ ያበርዳል። «ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም» የሚለውንም እርሱት። አዲስ በረዶ ከፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶውን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል፤ የፀሐይ ክሬምና ጥሩ የበረዶ መነጽር ያስፈልጋል።

ስኪ፣ ጫማና ሄልሜት አትግዙ፣ ተከራዩ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግራችሁ ጣት የጫማውን ጫፍ ነካ ማድረግ፣ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ደግሞ ከጫፉ መላቀቅ አለበት። ሠራተኛው ክብደታችሁን ሲጠይቅ ትክክለኛውን ንገሩት። ስትወድቁ ስኪው ከጫማው የሚላቀቅበት ኃይል የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜና በችሎታ ነው። ክብደታችሁን አሳንሳችሁ ብትናገሩ ስኪው ያለቦታው ይላቀቃል፤ አብዝታችሁ ብትናገሩ አልላቀቅ ብሎ ጉልበት ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው። በዕቃ ላይ የቆጠባችሁትን ገንዘብ ለአስተማሪ ክፈሉ። ቀይ ጃኬት የሚለብሱት የፈረንሳይ ስኪ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ጀማሪውን ሌ ፕላናር ወይም ላ ቮርማይን ወደሚባሉት ለስላሳ ሜዳዎች ይወስዱታል። መጀመሪያ የምትማሩት መቆምን ነው፦ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርባችሁ ተረከዛችሁን ወደ ውጭ ትገፋላችሁ፣ እግራችሁ «ለ» ፊደልን ይሠራል። «ለ» በሰፋች ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሰውነት ፈርቶ ወደ ኋላ ማዘንበል ይፈልጋል፤ እሱን አትስሙት። ቅልጥማችሁን ከጫማው ፊት ጋር አስጠግታችሁ ወደ ፊት ደገፍ ስትሉ ብቻ ነው ስኪው የሚታዘዛችሁ። መውደቃችሁ ካልቀረ በጎን ውደቁ። በፈለጋችሁበት ቦታ መቆም እስክትችሉ ድረስ ጓደኞቻችሁ ምንም ቢገፋፏችሁ ከዚያ ሜዳ አትውጡ። የከፋ ጉዳት ያየሁት በሁለተኛው ቀን ወደ ላይ በተጎተቱ ሰዎች ላይ ነው።

ከዚያ የቁልቁለቶቹን ቀለም ተከተሉ፦ አረንጓዴ ቀላሉ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ከፊታችሁ ታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ እሱ ስለማያያችሁ የመጠንቀቁ ግዴታ የእናንተ ነው። ለማረፍ ዳር ያዙ፣ ከላይ የሚመጣ ሰው በማያያችሁ ጉብታ ሥር አትቁሙ። አደጋ ቢደርስ 112 ይደወላል።

የመጨረሻዋን ቀን ጥርት ባለ ሰማይ ኤጉዊ ዱ ሚዲ ለሚባለው የተራራ ጫፍ አቆዩ። ከተማው 1,035 ሜትር ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በግማሽ እንኳ አይደርስም፤ ኬብል መኪናው ግን 3,777 ሜትር ላይ ያወጣችኋል። እዚያ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ውረዱ። ከዚያ በበረዶ ግግሩ ላይ የሚወርደው ቫሌ ብላንሽ የሚባለው የስኪ መንገድ የጀማሪ ስላልሆነ በኬብሉ ተመለሱ። ስልካችሁን በውስጥ ኪስ ያዙት፤ ብርዱ ባትሪውን ሞንብላንን ፎቶ ሳታነሱ ይጨርሰዋል።