የኮሌጁን ደብዳቤ ለልጁ ብቻ አይተዉት፦ ለግል ኮሌጅ እርዳታ ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ያለ የሐበሻ ወላጅ ለልጁ ትምህርት የማይሆነው የለም። ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ያድራል። የኮሌጁ ወረቀት ሲመጣ ግን "እንግሊዝኛው ለአንተ ይቀልሃል" ብሎ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይተወዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰቦችን ፎርም በማስሞላት ሳግዝ ከምንም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ዋጋውን አይቶ መሸሽ

ድረ ገጹ ላይ 80 ሺህ ዶላር ያየ ወላጅ "ይሄ የኛ አይደለም" ብሎ ይዘጋዋል። ያ ግን እርዳታ ሳይቀነስ ያለው ዋጋ ነው። ሀርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ እስከ 200 ሺህ ዶላር ከሆነ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። እስከ 100 ሺህ ከሆነ ምግብና መኝታውንም ይሸፍናል። እርግጥ እንዲህ የሚችሉት ሀብታሞቹ ኮሌጆች ናቸው፤ መግባቱም ከባድ ነው። ለሌሎቹ ድረ ገጻቸው ላይ "ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር" አለ፤ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገቢዎን አስገብተው የራስዎን ግምት ይዩ። ከስቴት ዩኒቨርሲቲው ይልቅ የግሉ የረከሰለት የታክሲ ሹፌር ልጅ አውቃለሁ።

ፋፍሳ ሞልቶ "ጨረስኩ" ማለት

ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ፎርም ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ግን የራሳቸውን ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት "ሲኤስኤስ ፕሮፋይል" የሚባል ሌላ ፎርም ይፈልጋሉ። እሱ ጠለቅ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የሚኖሩበትን ቤት ዋጋ፣ ከተፋቱም የሌላኛውን ወላጅ ገቢ ሊጠይቅ ይችላል። ያስከፍላል፤ ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤተሰብ ግን ነፃ ነው። የመጨረሻ ቀኑ በየኮሌጁ ይለያያል፤ "መጀመሪያ ይግባ፣ ገንዘቡ ይደረስበታል" አይበሉ።

ፋፍሳ ራሱ ነፃ ነው። ለማስገባት ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ይውጡ።

በወላጅ ወረቀት ምክንያት መቅረት

ለፌዴራል እርዳታ የሚታየው የልጁ ወረቀት ነው። ልጁ ዜጋ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካለው ወይም ጥገኝነቱ ከጸደቀለት ማመልከት ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ፋፍሳ ለመሙላት የሚያስፈልገውን አካውንት መክፈት ይችላል። ስጋት ካለዎት መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

እቁቡና የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም

ስለ ንብረት የሚጠየቅ ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ ይቆጠራል። ትናንት የወጣልዎት እቁብ አካውንትዎ ውስጥ ካለ፣ ገና ብዙ ወር የሚጥሉ ቢሆንም ሀብት ነው የሚባለው። ስለዚህ ዕዳ ሊከፍሉበት ያሰቡት ከሆነ ቀድመው ይክፈሉ።

አገር ቤት ያለው ኮንዶሚኒየምም ይጻፋል። የሚኖሩበት ቤት ስላልሆነ እንደ ኢንቨስትመንት ይታያል። "ማን ያውቃል" የሚሉኝ አሉ። ሆን ብሎ መዋሸት እስከ 20 ሺህ ዶላር ቅጣት፣ እስር ወይም ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል። በልጅ ስም እንዲህ ያለ ነገር አይነካም።

ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩትን ግን ፋፍሳ አይጠይቅዎትም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ልዩ ሁኔታ የሚያስረዱበት ቦታ አለ፤ እዚያ ይጻፉት። የላኩበትንም ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ብድሩን ስኮላርሺፕ ነው ብሎ መደሰት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ልጁ ኮሌጁ የላከውን የእርዳታ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። "እማዬ፣ ሁሉም ተሸፈነ!" ይላል። እልል ይባላል፣ ድግስ ይደገሳል። ማንም ግን መስመር በመስመር አላነበበውም።

ለምሳሌ ወጪው በዓመት 70 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው ላይ ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) 42 ሺህ፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ "ፓረንት ፕላስ" የሚባለው የመንግሥት የወላጅ ብድር 20 ሺህ ይላል። ድምሩ ልክ 70 ሺህ፣ ቀሪው ዜሮ። ስጦታው ግን 42 ሺህ ብቻ ነው! ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ሌላው ዕዳ ነው። ፓረንት ፕላስ ደግሞ በልጁ ስም አይደለም፤ ከፋዩ የፈረመው ወላጅ ነው። ወለዱም ልጁ ገና ሲማር መቁጠር ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1, 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደሩ ወላጆች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ በፓረንት ፕላስ መበደር አይችሉም። ሒሳቡን ይሥሩት። በየዓመቱ 20 ሺህ ከወሰዱ በሦስት ዓመት 60 ሺህ ይሆናል። ለአራተኛው ዓመት 5 ሺህ ብቻ ይቀራል። ልጅዎ ሊመረቅ ሲል 15 ሺህ ከየት ይመጣል? ባንክ ሄደው በባሰ ወለድ ሲፈርሙ ያየኋቸው እናቶች አሉ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ።

ስለዚህ እስክሪብቶ ይያዙ። ከወጪው ላይ ግራንቱንና ስኮላርሺፑን ብቻ ይቀንሱ። የቀረውን በአራት ያባዙ፤ ዋጋው በየዓመቱ እንደሚጨምርም ያስቡ። ኮሌጁንም "ይህ ግራንት ለአራቱም ዓመት ነው? ስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይፈልጋል?" ብለው ይጠይቁ።

የመጀመሪያውን መልስ እንደ መጨረሻ መቀበል

ፎርሙ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከወጡ፣ ከታመሙ ወይም ከተፋቱ ኮሌጁ አያውቅም። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጉዳዩን እንደገና እንዲያይ ማመልከት ይቻላል። ልመና አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ማመልከቻዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሥራ ስንብት ወረቀት ወይም የሆስፒታል ቢል ያያይዙ፤ የተሻለ የሰጠ ሌላ ኮሌጅ ካለም የእሱን የእርዳታ ደብዳቤ ይጨምሩ። የብዙዎቹ ኮሌጆች የውሳኔ ቀን ሜይ 1 ስለሆነ፣ መልሱ ከዚያ በፊት እንዲደርስ የእርዳታ ደብዳቤው በእጅዎ በገባ ሳምንት ማመልከቻውን ይላኩ።