ታንኳዋ ወደ ዘጌ አልዞር ስትል፦ የማዕዘን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፕሮግራም እየጻፍን የባሕር ዳርንና የጣናን ካርታ ስክሪን ላይ አስቀምጠናል እንበል። ሰሜን ወደ ላይ ነው። አንዲት የደንገል ታንኳ ወደ ነካነው ቦታ ፊቷን እንድታዞር እንፈልጋለን። ታንኳዋ (400፣ 500) ላይ፣ ዘጌ (340፣ 420) ላይ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር አግድሙ፣ ሁለተኛው ወደ ታች እየጨመረ የሚሄደው ቁመት ነው።

ችግር፦ በስተምሥራቅ ያለውን ሁሉ በትክክል ታያለች። ዘጌን ስንነካ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጢስ ዓባይ ትዞራለች።

ምክንያት፦ ከመድረሻው መነሻውን ስንቀንስ አግድሙ −60፣ ቁመቱ −80 ይመጣል። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ቁመቱን ለአግድሙ አካፍለን አርክታንጀንት እንወስዳለን። መልሱ 53.13 ዲግሪ ነው። ግን መድረሻው በተቃራኒው፣ 60 ወደ ቀኝና 80 ወደ ታች ቢሆንም ያው 53.13 ነው የሚመጣው! ሁለቱ ኔጌቲቮች ሲካፈሉ ተጣፍተዋል። አርክታንጀንት ከ−90 እስከ 90 ድረስ ብቻ ስለሚመልስ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ጨርሶ አያውቀውም።

መፍትሄ፦ አታካፍሉ። ኤታን2 (atan2) የሚባለው ፋንክሽን ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ተቀብሎ ምልክታቸውን ያያል። ኤታን2(−80፣ −60) ወደ ዲግሪ ሲቀየር −126.87 ነው፤ ወደ ግራና ወደ ላይ፣ ልክ ዘጌ። "አግድሙ ኔጌቲቭ ከሆነ 180 ደምር" ብሎ መጠገንም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። መድረሻው በቀጥታ ወደ ሰሜን ሲሆን አግድሙ ዜሮ ነው፣ ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ኤታን2 ይህንንም ይችለዋል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ልብ በሉ፦ በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ቁመቱ ይቀድማል፣ በኤክሴል ደግሞ አግድሙ።

ችግር፦ ትንሽ ነቅነቅ ብላ ትቀራለች።

ኤታን2 የሚመልሰው በራዲያን፣ ማለትም በሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ −126.87 ዲግሪ −2.21 ራዲያን ነው። ዲግሪ ለሚጠብቀው ፓይጌም (የፓይተን የጌም መሥሪያ) ይህን ከሰጣችሁት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ያዞራል። በ180 አባዝታችሁ ለፓይ አካፍሉ። የጃቫስክሪፕት ካንቫስ (የሥዕል ሰሌዳው) ግን ራዲያኑን እንዳለ ይወስዳል።

ችግር፦ ሰሜን ስንነካ ደቡብ ታያለች፤ ምሥራቅና ምዕራብ ግን ልክ ናቸው።

ስክሪን ላይ ቁመት የሚጨምረው ወደ ታች ነው። የካንቫስ ማዞሪያ ከዚህ ጋር ስለሚስማማ ችግር የለውም። ፓይጌም በሰዓት ተቃራኒ ስለሚያዞር ማዕዘኑን በ−1 አባዙት።

ችግር፦ ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ትስታለች።

ሥዕሉ ሲሣል የታንኳዋ ፊት ወደ ላይ ነበር። ዜሮ ዲግሪ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው። ፊቷ ወደ ቀኝ እንዲሆን ሥዕሉን አዙራችሁ አስቀምጡ፤ ፎርሙላው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ችግር፦ ቀስ እያለች ስትዞር ምዕራብ ላይ ስትደርስ ድንገት ሙሉ ክብ ትሽከረከራለች።

ከ179 ወደ −179 ዲግሪ ያለው መንገድ 2 ዲግሪ ነው፤ በመቀነስ ግን −358 ይመጣል። ልዩነቱ ከ180 ከበለጠ 360 ቀንሱ፣ ከ−180 ካነሰ 360 ደምሩ። ታንኳዋን የምታዞሩት በዚህ በተስተካከለው ልዩነት ይሁን።