ሁለተኛውን የሮክ አልበም ጅማ ላይ ለመቅረጽ

የመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች ለዓመታት መድረክ ላይ ታሽተው የመጡ ናቸው። ለሁለተኛው ግን ባንዱ በጥቂት ወራት አሥር ዘፈን ማውጣት አለበት። አልበሙ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው፣ ገና ስቱዲዮ ሳይገባ። ስለዚህ ከ16 እስከ 18 ረቂቅ አዘጋጁ። በስልክ ቅረጿቸው፣ ለአንድ ሳምንት ሳታዳምጡ ተዉአቸው፣ ከዚያ የወደዳችኋቸውን ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰው ፊት ተጫወቷቸው። ታዳሚው ዝም ብሎ ቢያዳምጥ አትደንግጡ፤ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚደመጠው። ይልቅ ራሳችሁን ተመልከቱ። በሦስተኛውም ጊዜ ድራመሩና ቤዚስቱ ወደ አዝማቹ ሲሻገሩ አሁንም ዓይን ለዓይን የሚፈላለጉ ከሆነ ቅንብሩ አላለቀም።

በአገራችን ቅኝት ሮክ ለሚሠራ ባንድ ትልቁ ወጥመድ ፓወር ኮርድ ነው። የአንቺሆዬን ቅኝት በእንግሊዝኛው የኖታ አጠራር ከሲ ብንጀምረው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል። ፓወር ኮርድ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ስለሚይዝ ሲ ላይ ሲመታ ጂ ይዞ ይመጣል፤ ዜማው ውስጥ ያለው ግን ጂ ፍላት ነው። ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ሲገባበት ግጭቱ ይገንና ጥፋት የሌለበት ድምፃዊ ከቅኝት የወጣ ይመስላል። ከአምስቱ ድምፆች ፓወር ኮርድን በንጹሕ የሚቀበሉት ኤፍና ጂ ፍላት ብቻ ናቸው፤ በቀሩት ላይ ጊታሩ ነጠላ ኖታ ወይም ኦክታቭ (ያንኑ ኖታ በቀጭኑና በወፍራሙ) ይምታ። አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) በመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ላይ ይቀበላል። ትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ከሁሉም ይቀላል፣ ከኢ በቀር ሁሉም ላይ ይሠራል። ይህን ልምምድ ላይ ጨርሱት፤ በሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች በማመጣጠን) የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ምት ላይ ደግሞ ችክችካ ስትቀርጹ ሜትሮኖሙን በአንድ ባር ሁለቴ ብቻ እንዲመታ አድርጉት። የባሩን ስድስት ምት ሁሉ ከቆጠረ የድራመሩ አጨዋወት ይደርቃል።

ጊዜ ስትመርጡ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለውን ያዙ። ዝናቡ ቀንሷል፣ የገና ጾም ስለሆነም የሠርግ ሥራ ይቀዘቅዛል። ጥር ከገባ ኪቦርዲስታችሁን ከሠርግ ቤት ማውጣት ከባድ ነው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅና ድራም መቅረጽ ግን አንመክርም፤ የዝናቡ ድምፅ አንዴ ማይክ ውስጥ ከገባ ዘፈኑን ሳይጎዳ አይወጣም። ግድ ከሆነ ዝናቡ ሲወርድ ቤዙንና ኪቦርዱን በቀጥታ ገመድ ቅረጹ፣ ሲያባራ ወደ ማይኩ ተመለሱ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ቀረጻውን የሚያቋርጠው ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይኮቹን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው መሣሪያ) ኃይል ማጣቱ ነው። እሱንና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሰኩ። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ አንድ ትራክ (የአንድ ማይክ ወይም ገመድ ቀረጻ) በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 16 ትራክ፣ አምስት ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን አራት ሙከራ ብትሉ አሥሩ ዘፈን ወደ 28 ጊጋባይት ይመጣል። በሁለት ዲስክ ቅዱት፣ ሁለቱንም አንድ ቤት አታሳድሩ።

ግድግዳ ላይ ባዶ የቡና ጆንያ ወይም የእንቁላል ካርቶን መስቀል ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይቀንሳል፣ የቤዙን መንጎድ አይነካውም። ጥጥ ፍራሽ ማዕዘን ላይ ማቆም ይሻላል። ድራም በአራት ማይክ ይበቃል፦ አንድ ለኪክ (በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ)፣ አንድ ለስኔር (ለሚንጫጫው ትንሹ ከበሮ)፣ ሁለት ከላይ። ሁለቱ የላይ ማይኮች ከስኔሩ እኩል መራቅ አለባቸው። ሲባጎ ከስኔሩ መሃል ይዛችሁ እስከ አንዱ ማይክ ጫፍ ወጥሩና ቋጥሩበት፤ ሌላውን ማይክ ቋጠሮው እስኪነካው አንቀሳቅሱ። የ17 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነው፤ ሁለቱ ማይኮች በአንድ የስልክ ስፒከር ሲደመሩ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው የስኔሩ ድምፅ ይሳሳል። በሄድፎን አትሰሙትም፣ አድማጩ ግን ይሰማዋል።

ለጊታር ሹር ኤስኤም 57 ማይክ ከአምፑ ጨርቅ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ዳር አድርጉት። ዲስቶርሽኑን ከመድረኩ ልክ ቀንሱ። ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ክፈሉት፤ አንዱን ኮፒ ማድረግ አያሰፋውም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሚጨምረው።

የሮክ አድማጭ ዛሬ አልበም የሚጀምረው ከስልኩ ነው። ትንሽ የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አያወጣም፤ ስለዚህ ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምሩና ከ700 እስከ 1,000 ኸርዝ ባለው ላይ እንዲሰማ አድርጉ። ሚክሱን በስልክ፣ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ፈትኑት። ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ከመጠን በላይ ማስጮኽ አይጠቅምም፤ ዩቲዩብ ከ-14 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል።

ካሴት በነበረበት ጊዜ አድማጭ ገጽ ሀን ጨርሶ ነበር ወደ ገጽ ለ የሚያገላብጠው። አሁን ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ዜማ በየአምስት ሳምንቱ አስቀድማችሁ ልቀቁ፣ ግን አልበሙን ጨርሳችሁ ነው የምትጀምሩት። ነጠላ ዜማው አልበሙ ውስጥ ሲገባ በዚያው ፊደልና ቁጥር በተቀላቀለበት ባለ12 ምልክት አይኤስአርሲ ኮድ (የቀረጻው መለያ) ይግባ፤ ኮዱ ከተቀየረ የተሰማበት ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የባንዱን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉም ከመጀመሪያው አልበም አጻጻፍ አንድ ፊደል እንዳትለውጡ፣ አለበለዚያ ሁለቱ አልበሞች በሁለት የተለያየ የአርቲስት ገጽ ሊቀመጡ ይችላሉ።

የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ድርሻ በመቶኛ ተጽፎ ሁሉም አባል ይፈርምበት፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሕልፈቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃልና ወረቀቱ ለልጆቻችሁም ያገለግላል።