በረቂቅ አዋጅ ላይ የማሻሻያ ሐሳብ አጻጻፍና አቀራረብ፦ ከአዳማ ለተመረጡ የምክር ቤት አባላት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ረቂቅ አዋጅ ይዘው አዳማ ላይ ይወያያሉ። በመድረኩ የተነሳ ጠቃሚ ሐሳብ ሕጉ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ቃል በቃል ተጽፎ ስላልቀረበ ነው። «ይህ አንቀጽ በደንብ ቢታይ» የሚል አስተያየት ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል እንጂ ድንጋጌ አይሆንም። (እዚሁ አዳማ የሚሰበሰበው ጨፌ ኦሮሚያ የራሱ ደንብ ስላለው እዚህ የምናወራው ስለ ፌዴራሉ ነው።)

ዋናው ጊዜ ረቂቁ በአንደኛ ንባብ ቀርቦ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ነው። ኮሚቴው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምልዓተ ጉባኤው ከተመለሰ በኋላ ቃል ማስለወጥ ይከብዳል። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ስለዚህ ሐሳብዎን ለሰኔ አያሳድሩ።

ረቂቁን ከማብራሪያውና ከነባሩ ሕግ ጋር ጎን ለጎን ያንብቡ። ትርጓሜውን አይዝለሉ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ለምሳሌ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ (2) «ባለሥልጣኑ ለፈቃድ ጠያቂው መልስ ይሰጣል» ቢል፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የአዳማ ባለመኪና መልሱን መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም። ማሻሻያው እንዲህ ይጻፋል፦

«የረቂቁ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ (2) ተሰርዞ በሚከተለው ይተካ፦ (2) ባለሥልጣኑ ማመልከቻው በደረሰው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ለፈቃድ ጠያቂው በጽሑፍ መልስ ይሰጣል።»

ከሥሩ ምክንያቱን በሦስት አራት መስመር ያስፍሩ። ከዚያ 15ቱ ቀን ቢያልፍስ ብለው ይጠይቁ። መዘዝ የሌለው የጊዜ ገደብ ማንንም አያስገድድም። «በጊዜው መልስ ካልተሰጠ ጥያቄው ውድቅ እንደተደረገ ተቆጥሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል» የሚል አዲስ ንዑስ አንቀጽ (3) ከጨመሩ ነባሩ (3) ወደ (4) ይሸጋሸጋል። አንቀጽ 14 «በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ (3) መሠረት» ብሎ ከሆነ አሁን የሚጠቅሰው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ማሻሻያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥር በነኩ ቁጥር ሙሉውን ረቂቅ ይፈትሹ።

ቃላት ላይም ይጠንቀቁ። «የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ» የቀደመውን ድንጋጌ ሳይነካ ያስቀጥላል፤ «የተደነገገው ቢኖርም» ግን ያልፈዋል። «ይችላል» ሥልጣን ይሰጣል፣ «አለበት» ግዴታ ይጥላል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ ገዢው አማርኛው ስለሆነ ክብደቱን አማርኛው ላይ ያድርጉ።

ወረቀቱን ለኮሚቴው ሰብሳቢ አስቀድመው ይስጡ፤ ረቂቁን ካዘጋጀው መሥሪያ ቤት የሚመጡት አስረጂዎችም ቀድመው ይዩት። ድንገት የቀረበ ሐሳብ «እንየው» ተብሎ ይቀራል። ካልተቀበሉት ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ይጠይቁ።

በምልዓተ ጉባኤው ላይ መጀመሪያ የአንቀጹን ቁጥር፣ ቀጥሎ አዲሱን ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ ምክንያቱን ያቅርቡ። ከግማሽ በላይ አባላት ከተገኙ ለስብሰባው የሚያስፈልገው የአባላት ቁጥር ይሟላል፤ ውሳኔው የሚያልፈው በድምፅ ብልጫ ነው።

የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምም ሥራ ላይ ይውላል። ጋዜጣው ሲወጣ የጸደቀውን ጽሑፍ ከታተመው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ።