በኦገስታ፣ ጆርጂያ ቤት ተከራይቶ ለመኖር እንዴት መዘጋጀት እንደሚቻል

ኦገስታ በጆርጂያ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሳቫና ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ 200 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ከአትላንታ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ኪራይዋም ከአትላንታ ስለሚቀንስ፣ በአትላንታ አጠገብ ባለችው በክላርክስተንና በአካባቢው የቤት ወጪ የከበደው ቤተሰብ ቢያስብባት የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ የኪራዩ ዝቅተኛነት ኑሮን የሚያቀለው ቤቱ ከሥራ ቦታ፣ ከውኃና ከበጋው ሙቀት አንጻር ምን እንደሚመስል ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከተመረመረ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የሥራው ቦታ ይታወቅ። በከተማዋ ከፍተኛ የሥራ ዕድል የሚገኘው በ1828 ከተመሠረተው የሕክምና ኮሌጅ ጋር በተያያዙት ሆስፒታሎችና ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው የፎርት ጎርደን የጦር ሰፈር ሲሆን፣ የቮግል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ደግሞ በስተደቡብ በበርክ ካውንቲ ይገኛል። አውቶቡስ ቢኖርም ብዙ ሰፈሮችን በአግባቡ ስለማያዳርስ፣ የመኪናው፣ የኢንሹራንሱና የነዳጁ ወጪ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት። ለሆስፒታል ሠራተኛ በከተማዋ የውኃ ቦይ አጠገብ ያለው የቀድሞው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ሃሪስበርግ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ቤቶቹ ያረጁ በመሆናቸው ጥገናቸው ከቤት ቤት እጅግ ይለያያል። በኮሎምቢያ ካውንቲ ያሉት ማርቲኔዝና ኤቫንስ አዳዲስ ቤቶች ቢኖሯቸውም ኪራያቸው ከፍ ይላል። ከሳቫና ወንዝ ድልድይ ማዶ ያለችው ኖርዝ ኦገስታ የሳውዝ ካሮላይና ከተማ ስለሆነች የኪራይ ሕጉም፣ የገቢ ግብሩም፣ የመንጃ ፈቃዱም ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ሕግ የተጻፈው የጆርጂያውን ወገን ብቻ ይመለከታል።

ሰፈሩ ከተመረጠ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ የውኃውን ጉዳይ ማጣራት ነው፤ ብዙ ተከራይ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ኦገስታ በ1908 እና በ1912 በደረሱባት ከባድ ጎርፎች ምክንያት በወንዙ ዳር የመከላከያ ግድብ የሠራች ሲሆን፣ በላይኛው ተፋሰስ ያለው የተርመንድ ግድብ በ1954 ከተጠናቀቀ ወዲህ የዋናው ወንዝ ሙላት በእጅጉ ተገትቷል። የዛሬ ሥጋት የሚመጣው ይልቁንም በከተማዋ ውስጥ ከሚያልፉት እንደ ሬይስ ክሪክና ሮኪ ክሪክ ካሉት ጅረቶች ነው፤ እነዚህ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ጊዜ በፍጥነት ይሞላሉ። የጆርጂያ ሕግ አከራዩ መኖሪያው ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ በጎርፍ ተጠቅቶ እንደሆነ ከውሉ በፊት በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድደዋል። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ጊዜ የተጥለቀለቀ ቤት ሳይነገርልን ሊከራይ እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ውኃ ገብቶበት ያውቅ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። የፌዴራሉን የጎርፍ ካርታ በአድራሻው መፈለግ ነፃ ነው። ቤቱን ሲጎበኙም የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነ ከሥሩ የሻጋታ ሽታ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። የተለመደው የተከራይ ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳትን አይሸፍንም፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም ለብቻው የሚገዛው የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ሲቃረብ መሯሯጥ አይጠቅምም።

ሙቀቱም እንዲሁ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ታሪፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የፈረንጅ ወራት ከፍ ስለሚል፣ መስኮቱ አየር የሚያስገባ ወይም ማቀዝቀዣው ያረጀ ቤት በኪራይ የተገኘውን ቁጠባ በመብራት ሒሳብ መልሶ ይወስዳል። የባለፉት 12 ወራት አማካይ ሒሳብ ስንት እንደነበረ ይጠይቁ፤ ማቀዝቀዣውንም አስከፍተው ይሞክሩ። በጣሪያው ላይ ያዘነበለ ትልቅ ዛፍ ካለም ችላ አይበሉት፤ በመስከረም 2024 የሄሊን አውሎ ነፋስ ኦገስታ ሲደርስ ዛፎችን በቤቶች ላይ ጥሏል፣ ለብዙ ነዋሪም መብራት ለቀናት ጠፍቷል።

ከዚያ ወደ ገንዘቡና ወደ ውሉ ይሻገራሉ። አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ ከኪራዩ 3 እጥፍ ያህል ገቢ፣ የደመወዝ ማስረጃና የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ክሬዲት ገና ያልገነባ ሰው የአሠሪውን ደብዳቤና የቀድሞ ኪራይ የከፈለበትን ደረሰኝ አሟልቶ ቢቀርብ ይሻለዋል። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዲፖዚት (ተከራዩ በቅድሚያ የሚያስይዘው የመያዣ ገንዘብ) ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ቤቱም ለሰው መኖሪያ የሚበቃ እንዲሆን ደንግጓል። ዲፖዚቱን ከመክፈልዎ በፊት በቤቱ ያለው ጉድለት ሁሉ የተዘረዘረበት ሰነድ ሊሰጥዎት ይገባል፤ ነገር ግን ከ10 የማይበልጡ ቤቶችን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ግለሰቦች ከዚህ ግዴታ ነፃ ስለሆኑ፣ ከእነርሱ ሲከራዩ ዝርዝሩን እርስዎ አዘጋጅተው ያስፈርሙ፤ ፎቶግራፍም ያንሱ። አገር ውስጥ የለሁም፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው በምንም ሁኔታ አይክፈሉ።

በሚያዝያ መጀመሪያ የማስተርስ የጎልፍ ውድድር በሚካሄድበት ሳምንት የከተማዋ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዶች በውድ ዋጋ ያከራያሉ። እርስዎም እንዲህ ለማድረግ ካሰቡ የአከራይዎን የጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ፤ ያለ ፈቃድ ማከራየት ውል ማፍረስ ይሆናል።

ከገቡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ማውጣትና መኪናዎን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌላ ግዛት የመጣውን ይመለከታል። ኪራይ ቢዘገይ አከራዩ 3 የሥራ ቀን የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሳያደርስ ክስ መመሥረት አይችልም፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝም ቁልፍ መቀየርም ሆነ ዕቃ ማውጣት አይፈቀድለትም። የፍርድ ቤት ወረቀት ከደረሰዎት መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 7 ቀን ብቻ ስለሆነ በዕለቱ ማንበብ፣ እንግሊዝኛው ከከበደዎትም አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ መጠየቅ የግድ ነው። በየወሩ በሚታደስ ኪራይ የሚኖር ተከራይ መውጣት ሲፈልግ ከ30 ቀን በፊት ያሳውቃል፤ አከራዩ ግን 60 ቀን መስጠት አለበት። በሚለቁበት ዕለት ቤቱን አጽድተው ከገቡበት ቀን ፎቶግራፎች ጋር ጎን ለጎን የሚታይ ሌላ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ዲፖዚቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ስላለበት አዲሱን አድራሻዎን ለአከራዩ በጽሑፍ ይስጡ።