በመኪና አደጋ ሰው ለሞተበት ቤተሰብ፦ የዕርቁን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ክስና አቤቱታ እጽፋለሁ። ብዙ ቤተሰብ ወደኔ የሚመጣው ቀብር አልቆ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ነው። ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። በመኪናና በባጃጅ አደጋ ላይ አተኩራለሁ፤ በአዘዞ መንገድ በኩል የሚመጣልኝ እሱ ይበዛልና።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። አንዱ ወንጀሉ ነው፤ እሱን ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። ሌላው ካሳው ነው፤ እሱን እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አይጠይቅላችሁም። ሹፌሩ ቢታሰር ለልጆቹ እንጀራ አይሆንም። ነፃ ቢወጣም ተስፋ አትቁረጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የካሳውን ዳኛ በዚያ ውሳኔ አያስረውም። ቁጥር 2081 ደግሞ የመኪናውን ባለቤት እሱ ባይነዳም ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ሹፌሩን ብቻ አትክሰሱ። ባለንብረቱንም ኢንሹራንሱንም ጨምሩ። ኢንሹራንስ የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ድረስ ነው፤ የቀረው ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ከሆነ ለእንዲህ ያለ አደጋ ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ይኸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑ፣ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። ልጇን ለቀበረች እናት ይህን ስነግር አንደበቴ ይተሳሰራል። መሻሻል ያለበት ሕግ ነው። እስኪሻሻል ግን ጉልበታችሁን ቀለቡ ላይ አድርጉ። በቁጥር 2095 ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ሟቹ በመሞቱ የቀረባቸውን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። ወንድም ቢሯሯጥም ክሱ በእነሱ ስም ይሁን።

እዚህ ላይ ገቢው መረጋገጥ አለበት። ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይበቃል። ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ሲሆን ነው የሚቸግረው። አንዲት እህት፣ ባሏ ቅዳሜ ገበያ እህል ይሸጥ ነበር፣ የዕቁብ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል፤ አንዳንዱ ገጽ ተጣብቋል። ግን በየሳምንቱ የጣለው ብር ከነፊርማው አለ። ያ ደብተር ከምስክሮቹ የበለጠ ሠራላት። እናንተም ቤት ፈትሹ፤ የባንክ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የዱቤ መዝገብ።

የቀሩት ወረቀቶች የታወቁ ናቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፣ የሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የሞት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት። መኪናው ከቦታው ሳይነሳ ሰሌዳውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከር በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ላኩ።

የካሳ ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ እሱን ግን አትመኑ። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ግማሹ አልቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕርቁ። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ ደም ያደርቃል፣ ቂም ያስቀራል። እኔም ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ነገር ግን በሕጋችን ዕርቅ በተፈራራሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለበት፣ በለቅሶ ላይ ያለች ሴት ጣቷን ቀለም አስነክታ የራሷን መብት ዘጋች፣ የልጆቿንም ቀለብ አደጋ ላይ ጣለች ማለት ነው። ገንዘቡን መቀበል ካለባችሁ እንዲህ አስጽፉ፦ «ይህ ለቀብርና ለተዝካር የተሰጠ ነው፤ ካሳ የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው።» ሽማግሌዎቹ ቅር ቢላቸውም በትሕትና አስረዷቸው። ኢንሹራንስም «የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ አንብባችሁ፣ አስነብባችሁ ፈርሙ።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ከቀበሌ ማስረጃ ይዞ በድሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ ኮፒውን ስጡ፤ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።