የጫጩቶቼ ተቅማጥ እንዴት ቆመ

ከማስፈልፈያ ማሽን የማመጣቸው ጫጩቶች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ኩሱ ቂጣቸው ላይ ደርቆ ይለጠፋል፣ ክንፋቸውን ጥለው አምፖሉ ሥር ይኮለኮላሉ፣ ከዚያ እያከታተሉ መሞት ነው። የላብራቶሪ ውጤቱ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው አለ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ስሰጣቸው ጋብ ይላል፣ ሳቆም ይመለሳል።

መላ የተገኘው ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ሳወራ ነው። እናቱ ሥር የተፈለፈለ ጫጩት ኩሷን እየጫረ ጥሩ ባክቴሪያ ይወርሳል፤ የማሽኑ ግን አንጀቱ ባዶ ቤት ነው፣ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል። ኑርሚና ራንታላ የሚባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ከጤነኛ ትልቅ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ጫጩትን ከሳልሞኔላ እንደሚከላከል አሳይተዋል።

እኔም ከዶሮ አንጀት የተገኘ ላክቶባሲለስ የሚባል ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ገዛሁ። ቤቱን አጥቤ፣ ሰጋቱራውን ቀይሬ፣ አዲሶቹ ከካርቶን እንደወጡ መጀመሪያ በሚቀምሱት ውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ውሃውን በክፍት ባልዲ አሳድረዋለሁ። አንቲባዮቲክ አብሮ መስጠት ደግሞ ብሩን ውሃ ውስጥ መድፋት ነው፣ እሱንም ይገድለዋላ!

ተቅማጡ ቆመ፣ ቂጣቸውም ንጹሕ ነው። «ታዲያ የትልቅ ዶሮ ኩስ በጥብጬ ብሰጥስ?» ለምትሉ፣ ተዉት፣ ያልተመረመረ ኩስ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል። ሳልሞኔላው ከእናቲቱ በእንቁላል የመጣ ከሆነም ዱቄቱ ብዙ አይረዳም፤ ያኔ ጫጩት የምትገዙበትን ቦታ ቀይሩ።